ላፕቶፔ ላይ ዘፈን ለምን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ሙዚቃ ስከፍት ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ቤዝ የሚባል የለውም። ቪኤልሲን እስከ መጨረሻው ስጨምረው ደግሞ ይሰነጠቃል። የብሉቱዝ ሄድፎን አለኝ፤ ጥሩ ሲሰማ ቆይቶ በመሀል የድሮ ስልክ ይመስላል። አንድ ሱቅ ጠይቄ ‹ሳውንድ ካርድ ግዢ› አሉኝ። ልግዛ? ከዩቲዩብ ያወረድኳቸውን ዘፈኖችስ ወደ 320 ብቀይራቸው ይሻሻላሉ? በመጨረሻ የአባቴን ካሴቶች ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ እፈልጋለሁ፤ እሱንም ቢነግሩኝ።»

ምላሽ፦ ልጄ፣ ሳውንድ ካርዱን ለጊዜው ተዪው። ባለሱቁ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ድምፅ ሲበላሽ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካርዱን ነው። እኔ በስቱዲዮም በሠርግ ድንኳንም ሥር ከሃያ ዓመት በላይ ሚክሰር ላይ ተቀምጬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ድምፅ በአብዛኛው የሚበላሸው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ ወይ ፋይሉ ከመነሻው ተጎድቶ ይመጣል፣ ወይ መጨረሻ ላይ ስፒከሩ አቅም ያጣል። መሀል ላይ ያለው፣ በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ቺፕ፣ ማለትም ሳውንድ ካርዱ፣ ርካሽ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ከስፒከሩ እጅግ የተሻለ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ግን እዚያው መሀሉ ላይ ነው።

ከስፒከሩ ልጀምር። ላፕቶፕሽን ገልብጠሽ እዪው። በግራና በቀኝ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታያለሽ፤ ከነሱ ጀርባ ያለው ስፒከር ቢበዛ የክብሪት ቀፎ ያህል ነው። ወፍራም ድምፅ ማውጣት ማለት ብዙ አየር መግፋት ማለት ነው፤ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ደግሞ ምን ያህል አየር ይገፋል? የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 41 ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን በወጉ አያወጣም። ታዲያ ቤዙ እንዳለ እንዴት ታወቀሽ? አንድ ክር ሲመታ 41 ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ እጥፉ 82፣ ከዚያ 123፣ 164፣ 205 እያለ ይቀጥላል። አንቺ ጋ የሚደርሰው ከ205 ወዲህ ያለው ነው፤ የጎደለውን መሠረት አእምሮሽ ራሱ ይሞላዋል። የወንድ ዘፋኝ ድምፅም እንደዚያው ነው። መሠረቱ 100 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ስፒከሩ ይዘለዋል፤ ዘፋኙ ማን እንደሆነ ወዲያው ትለዪዋለሽ፣ ግን ደረት የለውም። ቆርቆሮ ቆርቆሮ የምትይው ይህንን ነው።

በቅርቡ አንድ ልጅ «ካርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ላፕቶፕ ይዞልኝ መጣ። ከ20 ኸርዝ ተነስቶ እስከ 20 ሺህ ቀስ እያለ የሚወጣ አንድ ወጥ ድምፅ ከፈትኩለት። እስከ 180 ድረስ ጸጥ። ከዚያ ጀመረ፣ እየቀጠነ ወጣ፣ 400 አካባቢ ሲደርስ ድዝዝ የሚል ዝንብ ገባበት። መዳፌን ከኪቦርዱ ዳር ጫን ሳደርግ ዝንቡ ጠፋ፤ ሳነሳው ተመለሰ። ለካ የሥሩ ክዳን አንድ ብሎን ወልቆ ኖሯል። ብሎን አስገባሁለትና ካርዱ «ዳነ»። አንቺም ዩቲዩብ ላይ ሳይን ስዊፕ ብለሽ ፈልጊና ይህንኑ ሙከራ አድርጊ፤ ድምፁን መጀመሪያ ዝቅ አድርገሽ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚንዘረዘር ከሆነ የላላ ነገር አለ፤ ከላይ እስከ ታች የሚያንኳኳ ከሆነ ደግሞ የስፒከሩ ሽፋን ተቀዷል። ያኔ የሚቀየረው ስፒከሩ ብቻ ነው፤ ብዙም አያስወጣም።

ሌላው፣ አልጋ ላይ ተጋድመሽ ላፕቶፑን ጋቢ ላይ አስቀምጠሽ ከሆነ የምትሰሚው፣ አፉን አፍነሽዋል። ቀዳዳዎቹ ከሥር ያሉት ድምፁ ጠረጴዛ መትቶ ወደ አንቺ እንዲመለስ ታስቦ ነው። ጠንካራ ነገር ላይ አድርጊው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊ፤ መርፌ ግን እንዳታስገቢ።

አሁን ወደ ቪኤልሲ። 100 በመቶ ማለት ፋይሉ ውስጥ ያለው ልክ እንዳለ ይውጣ ማለት ነው። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ብዙዎቹ ዘፈኖች ደግሞ ገና ከስቱዲዮ ሲወጡ ጣሪያውን ተጠግተው ነው የሚወጡት። 125 ላይ ስታደርጊው ከፍ ያለው ሁሉ ጣሪያው ላይ ተደፍጥጦ ይቀራል፤ ያ የተደፈጠጠው ነው የሚሰነጠቀው። ቪኤልሲን 100 ላይ ተዪውና መጨመርም መቀነስም በዊንዶውስ ድምፅ ይሁን። «ያንሳል እኮ!» እንደምትይ አውቃለሁ፤ መፍትሔው ቀጥሎ አለ፣ መጀመሪያ ሲሰሙት ግን ቀልድ ይመስላል።

ቤዙን ቀንሺ። ሰው ቤዝ ሲያጣ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለውን) ከፍቶ የግራውን ማንሻ እስከ ጣሪያ ይሰቅላል። ስፒከሩ ግን 60 ኸርዝን ማውጣት አይችልም፤ ለመሞከር ይንቀጠቀጣል እንጂ። የላፕቶፑ ማጉያ ያለችው አቅም ትንሽ ናት፤ እሷም በማይሰማ መንቀጥቀጥ ታልቅና ዘፋኙ ይታፈናል። ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፒስ የሚባለው ገጽታ ሲጨመርበት ለአያያዝ ይቀላል። እዚያ ላይ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጪው። ከ2500 እስከ 4000 ኸርዝ ያለውን ሦስት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ያህል ዝቅ አድርጊ፤ ጆሮ የሚወጋው ቆርቆሮ የሚኖረው እዚያ ነው። 250 አካባቢ ደግሞ ሦስት ዴሲቤል ያህል ጨምሪ። የጨመርሽውን ያህል ፕሪአምፕ ከሚለው ላይ መቀነስ አትርሺ፤ ሦስት ከሰቀልሽ እዚያ ላይ ሦስት አውርጂ፣ አለበለዚያ ተመልሰሽ ጣሪያው ውስጥ ነሽ። ከዚህ በኋላ የዊንዶውሱን ድምፅ ከፍ አድርጊው። ሳይሰነጠቅ ቀድሞ ከምታውቂው በላይ ይሄድልሻል። ይህን ማስተካከያ ለስፒከሩ ብቻ አስቀምጪው፤ ሄድፎን ስትሰኪ ይጥፋ።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ብለሽ ገብተሽ ስፒከርሽን ስትነኪ ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ የሚል ታገኛለሽ። «እሱን አጥፋ፣ ሙዚቃው ንጹሕ ይሆናል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ለሄድፎን እስማማለሁ። ለላፕቶፑ ስፒከር ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንድ አምራቾች የስፒከሩን ድክመት የሚያቃናውን ማስተካከያ እዚያው ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ ስታጠፊው የባሰ ቆርቆሮ ይሆናል። አብርተሽም አጥፍተሽም ስሚ። ስታወዳድሪ ግን ሁለቱም እኩል ይጩኹ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ቤዙን ከሌላው አብልጦ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ከፍ ያለው ሁሉ የተሻለ ይመስላል። ስንቱ «ድምፅ ማሻሻያ» ፕሮግራም በዚህች ብልሃት ብቻ እንደሚሸጥ ብታዪ! ላውድነስ ኢኳላይዜሽን የሚለውን ግን ለሙዚቃ አጥፊው፤ ዝቅ ያለውን እየሰቀለ፣ ከፍ ያለውን እየጫነ ዘፈኑን አንድ ወጥ ያደርገዋል። ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ ፊልም ለማየት ነው የሚጠቅመው።

የብሉቱዙ ችግርሽ ሄድፎኑ አይደለም። ብሉቱዝ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ለሙዚቃ ነው፤ ስቴሪዮና ሰፊ፣ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ። ሌላው ለስልክ ጥሪ ነው፤ ማይኩንም ይዞ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፣ ለዚያ ሲባል ግን ድምፁ ሞኖ ሆኖ 8 ወይም 16 ሺህ ናሙና በሰከንድ ላይ ይወርዳል (ናሙና ማለት ድምፁ የሚለካበት አንዱ ጊዜ ነው)፤ ሲዲ 44,100 ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም የሄድፎኑን ማይክ በነካ ቁጥር ሙዚቃው ወደ ጥሪው መንገድ ይወረወራል። ዙም ክፍት ትተሽ ይሆናል፣ ወይም የቴሌግራም ድምፅ ቀድተሽ፣ ወይም ብሮውዘር ላይ የሆነ ገጽ ማይክ ይዞ። ሳውንድ ውስጥ ገብተሽ ኢንፑት ከሚለው የላፕቶፑን የራሱን ማይክ ምረጪ፤ ሄድፎኑ ለመስማት ብቻ ይቆይ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ አንዱ ሄድፎን ሁለት ጊዜ ተዘርዝሮ ታያለሽ፤ ስቴሪዮ የሚለውን እንጂ ሃንድስ ፍሪ የሚለውን አትምረጪ። ጥሪ ሲመጣ ሙዚቃው ድንገት ዝቅ የሚልብሽ ከሆነ ደግሞ በአሮጌው የሳውንድ መስኮት ኮሚዩኒኬሽንስ የሚል ትር አለ፤ ዊንዶውስ ሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ሆኖ ነው የሚመጣው። ዱ ናቲንግ የሚለውን ምረጪ።

አሁን ወደ ሌላው ጫፍ፣ ወደ ፋይሉ። ዩቲዩብ ድምፁን በአብዛኛው ከ128 እስከ 160 ኪሎቢት በሰከንድ አድርጎ ነው የሚልከው፤ ያ የጠየቅሽው 320ም ይኸው መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይበልጥ ተጨምቋል ማለት ነው። «320 ኤምፒ3 አውርዱ» የሚለው ገጽ ያንኑ ወስዶ እንደገና ጨምቆ ትልቅ ፋይል ያደርገዋል። ውሃ የገባበት ወተት ትልቅ ጣሳ ውስጥ ስለተገለበጠ አይወፍርም፤ እንደውም ሁለቴ ስለተጨመቀ ይብሳል። ስለዚህ ያሉሽን ወደ 320 አትቀይሪያቸው፤ ፍላሽሽን ከመሙላት ሌላ አይጠቅሙሽም።

ጉዳቱ የት እንደሚሰማ ላሳይሽ። እስክስታ የሚመታበት፣ ጭብጨባ ያለበት አንድ ዘፈን ምረጪና በሄድፎን ስሚ። ጭብጨባ ለኤምፒ3 ከባድ ነው፤ ድምፁ ከምንም ተነስቶ በቅጽበት ጫፍ ይደርሳል። መጭመቂያው ድምፁን በጥቃቅን ቁራጭ እየከፈለ ስለሚሠራ ስህተቱን በቁራጩ ሁሉ ላይ ይበትነዋል፤ እናም መዳፍ ከመዳፍ ሳይገናኝ በፊት ሽው የምትል ጭጋግ ትቀድማለች። ጥሩ ፋይል ላይ ጭብጨባው ጯ! ብሎ ይቆማል፤ ደካማው ላይ ጽፍፍ ይላል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ። ጸናጽሉንም ስሚ፣ ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። የማሲንቆው ጭራ ክሩን ሲፍቅ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅም ይለሰልሳል። ዘፋኙ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ለዚህ ነው ሰው «128ም ያው ነው» የሚለው።

ቴሌግራም ቻናል ላይ 320 ተብለው የሚለቀቁትን ለመፈተሽ ስፔክ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ። ዘፈኑን ስትጥዪበት ውስጡ ያለውን ድምፅ ከዝቅተኛው ኸርዝ እስከ ከፍተኛው በቀለም ይሥልልሻል። ቀለሙ 16 ሺህ ኸርዝ አካባቢ በመጋዝ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ከቆመና ፋይሉ 320 ነኝ ካለ፣ መነሻው 128 ሳይሆን አይቀርም። ከድሮ ካሴት የተቀዳ ከሆነ ግን አትፍረጂበት፤ እሱ መጀመሪያም ከዚያ በላይ ብዙ ነገር የለውም። ቴሌግራም ራሱ እንደ ፋይል የተላከን ዘፈን አይነካውም፤ የሚጨመቀው የድምፅ መልእክት ነው። ከቻልሽ ግን ገዝተሽ ወይም በክፍያ መተግበሪያ ስሚ፤ ዘፋኙም ይብላ። ኢንተርኔቱን ከሰጋሽ ሒሳቡ ይኸውልሽ፦ በ128 አንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ በ320 ደግሞ 144። ዋይፋይ ስታገኚ በ320 አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት መስማት ይሻላል። 24 ቢት በ192 ሺህ እያሉ ለሚሸጡት ግን ገንዘብሽን አታውጪ። የሲዲው 44,100 ናሙና እስከ 22,050 ኸርዝ ድረስ ይሸከማል፤ የሰው ጆሮ ጎበዝ ከተባለ 20 ሺህ ነው፣ እኔማ ከ13 ሺህ በላይ መስማት ካቆምኩ ቆየሁ።

ገንዘብ ማውጣትሽ ካልቀረ መጀመሪያ ባለገመድ ሄድፎን ግዢ። ከላፕቶፑ ስፒከር ወደ ደህና ባለገመድ ሄድፎን ስትሻገሪ የምታገኚውን ለውጥ ምንም ሳውንድ ካርድ አይሰጥሽም፤ ያ የጠፋው 41 ኸርዝ ተመልሶ ይመጣል። 32 ኦም (ሄድፎኑ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) አካባቢ የሆነውን ምረጪ፣ ላፕቶፑ ያለ ችግር ይነዳዋል። ለስቱዲዮ የሚሠሩት 250 እና 300 ኦም ያላቸው ግን ያለ ማጉያ ያቃስታሉ።

ስፒከር ከሆነ የምትፈልጊው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍ አያስደንግጥሽ። ከሥሩ ፒኤምፒኦ የሚል ካለ ሻጩ ራሱ የማያውቀው ቁጥር ነው። አዳፕተሩን ገልብጠሽ ቮልቱን በአምፔሩ አባዢ። 12 ቮልት 2 አምፔር ከሆነ 24 ዋት ነው፤ ከግድግዳው 24 የሚወስድ ነገር 1000 ከየት ያመጣል? ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ትንሽ ስፒከር ደግሞ አንድ የታወቀ አመል አለው፦ ኃይሉም ጃኩም (የሄድፎን መሰኪያው) ከአንድ ላፕቶፕ ሲሆን ማውሱን ባንቀሳቀስሽ ቁጥር ጭርርር ይላል። የዩኤስቢ ገመዱን ነቅለሽ የስልክ ቻርጀር ላይ ሰኪው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ጸጥ ይላል። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ እም የሚል ከሆነም ቻርጀሩን ነቅለሽ ሞክሪ። ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ በመሬት መስመሩ በኩል ነው፤ እዚህ ላይ ከዩኤስቢ ወደ ጃክ የምትለውጥ ጣት የምታህል ገመድ አንዳንዴ ልትረዳሽ ትችላለች። እሷም ሳውንድ ካርድ ናት፣ ግን ከርካሾቹ አንዷ ትበቃለች።

ክፍልሽ ኮንዶሚኒየም ከሆነ መሀሉ ላይ ቆመሽ አንዴ አጨብጭቢ። ካን! ብሎ የሚከተልሽ ነገር ካለ ስፒከርሽም ላይ ያንን ነው የሚጨምረው። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢም ቢሆን ይውጠዋል።

የካሴቱ ነገር ላይ ደግሞ ቃሌን አጥፋለሁ፤ ለዚህ ሳውንድ ካርድ ያስፈልግሻል። ላፕቶፕሽ ላይ ያለችው አንዷ ጃክ ለመስማት ስቴሪዮ ናት፣ ለመቅዳት ግን የማይክ ብቻ፣ ያውም ሞኖ። የቴፑ ድምፅ ለማይክ መግቢያ በጣም ይበረታል፤ ተሰነጣጥቆ፣ ግራና ቀኙ ተጠፋፍቶ ይገባል። ስትገዢ ላይን ኢን (ከቴፕ የሚመጣውን ብርቱ ድምፅ የሚቀበል ቀዳዳ) ያለውና ስቴሪዮ የሚቀዳ መሆኑን አረጋግጪ፤ ፍላሽ የሚያህሉት ርካሾቹ ብዙ ጊዜ እነሱም የማይክ ቀዳዳ ብቻ ናቸው ያላቸው።

ከመቅዳትሽ በፊት የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚነካውንና የሚያነበውን ክፍል) ከፋርማሲ በሚሸጥ አይሶፕሮፒል አልኮልና ጥጥ ጥረጊ። አረቄ አይሆንም፤ ሞክረው ያመጡልኝ አሉ። ካሴቱ ለዓመታት ተቀምጦ ከሆነ አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነሽ መልሺው፣ ንብርብሩ ይላቀቃል። ከዚያ ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ታያለሽ፤ ዘፈኑ እየሄደ በቀጭን ካቻቪቴ በጣም በትንሹ ወዲያና ወዲህ አዙሪያት። አንድ ቦታ ላይ መስኮት እንደተከፈተ ጸናጽሉና የቃሉ ‹ስ› ብቅ ይላሉ፤ እዚያ ላይ ተዪው። በየቴፑ የተቀዳ ካሴት የየራሱ ማዕዘን አለው፣ ለእያንዳንዱ ትደግሚዋለሽ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የመቅጃ ፕሮግራም ላይ በ48 ሺህ ናሙና፣ 24 ቢት ቅጂ (24 ቢቱ ለመቅጃ ነው እንጂ ለመስሚያ አይደለም)፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም ከዚያ ጣሪያ፣ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። አንድ ሰዓቱ ወደ 1 ጊጋባይት ይሆናል፤ ፍላክ (ድምፁን ሳይጎዳ የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት) አድርገሽ ስታስቀምጪው ይቀንሳል። ሽሽታውን ለማጥፋት አትቸኩዪ፤ ማጥፊያው ሽሽታውን ሲልግ የማሲንቆውን ፍቅታም አብሮ ይልገዋል። ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጪና በሌላው ተጫወቺ።

ባለ 90 ደቂቃውን ካሴት መጀመሪያ አታስገቢው፤ ክሩ ከባለ 60ው ይቀጥናል፣ ቶሎም ይጠመጠማል። አባትሽን ጠይቂና ቢበላሽ የማይቆጭበትን አንዱን መርጦ ይስጥሽ፤ እጅሽን በሱ ፍቺ።